ጸደቀ ወይ?

ልቧ አይደለም። ይህን ለጎረቤቱም፣ ለመምህራኑም፣ ድንኳን ለሚተክሉት የዕድር ሰዎችም ስናገር ሰነበትሁ። እትዬ ዘሃራ ሞተች ሲባል ከሰው ሁሉ አፍ የወጣው አንድ ነገር ነው፤ «ያ ልቧ ላይ የሰፉላት ሥር ተበጠሰ።» የምሠራበትን ቤተ መጻሕፍት በር ከፈት አድርጎ ወሬውን የነገረኝ የትምህርት ቤታችን ዘበኛም ኮፍያውን አውልቆ «ልቧ ከዳት» ነው ያለኝ። አልከዳትም። ያያት ሐኪም የነገረኝ ሌላ ነው። የደም ግፊቷ ድንገት ወጥቶ ጭንቅላቷ ውስጥ ያለች አንዲት ቀጭን የደም ሥር ፈነዳች። ልቧማ እስከ መጨረሻው ሥራውን ይሠራ ነበር።

ሰው ከሞተ በኋላ ምክንያቱ ምን ያደርጋል የሚሉኝ አሉ። በእሷ ጉዳይ ያደርጋል። ይህን የምጽፈውም ለምን እንደሚያደርግ ለመናገር ነው።

የተገናኘነው በማታ ትምህርት ነው። እኔ በልጅነቴ ተድሬ፣ ትዳሩ ከፈረሰ በኋላ፣ እኩዮቼ ልጆቻቸውን ሁለተኛ ደረጃ ሲያስገቡ ራሴ ዘጠነኛ ክፍል የገባሁ ሴት ነኝ። ስለ እኔ ይህ ይበቃል። እሷ የባዮሎጂ መምህራችን ነበረች። አጭር፣ ቀጭን፣ ሻሿን ከግንባሯ ዝቅ አድርጋ የምታስር፣ ስትራመድ ኮቴዋ የማይሰማ። ሰው ሲያናግራት ሁለት ጣቶቿን የግራ እጇ አንጓ ላይ ታሳርፋለች። የምታዳምጠው ሰውየውን ይሁን የራሷን የልብ ምት አይታወቅም ነበር።

ያን ጊዜ በየክፍሉ ፕላዝማ የሚሉት ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ፣ የማናውቀው መምህር ከመስታወቱ ውስጥ ሆኖ እንግሊዝኛውን ያዥጎደጉድብን ነበር። መብራት ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል፤ ዘሃራ ደግሞ ጠመኔዋን አንሥታ ትነሣለች። ደሴ ላይ መብራት ብዙ ጊዜ ይጠፋ ስለነበር ብዙ ተማርን። አንድ ጊዜ ፈተና ላይ «የደም ፈሳሽ ክፍል ምን ይባላል? ሥራውስ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ከኋላ የሚቀመጠው የባጃጅ ሹፌር «ፕላዝማ ይባላል፤ መብራት ሲኖር ያስተምራል» ብሎ ጻፈ። ሌላ መምህር ቢሆን ወረቀቱን ይቀድበት ነበር። እሷ ግማሹን ነጥብ ሰጥታ ከጎኑ በቀይ «ገና» ብላ ጻፈችለት።

«ገና» የእሷ ቃል ናት። ስህተት ለሆነው «ገና»፣ ግማሽ ልክ ለሆነው «ገና»፣ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው ብዬ ላመጣሁት ደግሞ አንገቷን ዘንበል አድርጋ «ወደ ልክ እየሄደ ነው»። ተጠናቀቀ፣ አበቃ፣ ሆነ የሚባል ነገር ከአፏ አልሰማሁም። መምህራኑ ግምገማ ተቀምጠው እያንዳንዱ ራሱን እንዲሂስ ሲጠየቅ፣ ሌላው ስለ አመለካከት ችግር ሲዘረዝር፣ እሷ ተነሥታ «ጠመኔ አበዛለሁ» ብላ ተቀመጠች አሉ። አወያዩ «ሌላስ?» ቢላት «ሌላው ገና አልታወቀኝም» አለችው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «እርስዎ» እያልሁ ነበር የማናግራት። አንድ ማታ ደብተሬን ስትመልስልኝ «አንቱታውን ለአባቴ አቆዪላቸው፤ እኔን አንቺ በይኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እትዬ ዘሃራ እላት ጀመር። አባቷ የት እንዳሉ ግን ያን ቀን አልጠየቅሁም።

በተማሪዎቿ ሁሉ ዘንድ የምትነሣበት ትምህርት የበግ አንጀቱ ነው። ስለ ደም ቅዳና ስለ ደም መልስ ልታስተምረን ነበር። ደም ቅዳ ልብ ደም ወደ ሰውነት የምትረጭበት ሥር ነው፤ ደም መልስ ከሰውነት ወደ ልብ የሚመለስበት። ውሃ በፈረቃ ስለነበር የሚመጣበትን ቀን ጠብቃ፣ ገና ሳይመሽ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ዙሪያ አቆመችን። በአንድ እጇ ጠንካራ የውሃ ጎማ፣ በሌላው የታጠበ የበግ አንጀት ይዛለች።

«ቲቸር፣ ዱለት ልትሠሪልን ነው?» አላት የባጃጁ ሹፌር።

«ዛሬ ረቡዕ ነው እኮ!» አለች አንዷ። «እኛ ጾም ላይ ነን።»

«አትበሉትም» አለች ዘሃራ። «ውስጣችሁ ያለ ነው።»

ጎማውን ቧንቧው ላይ ሰክታ ውሃውን ለቀቀችው። ጎማው ምንም አልሆነም። ነቅላ አንጀቱን አሰረችና ቧንቧውን በጥቂቱ ከፈተች። ውሃው ለስለስ ብሎ አለፈ። «ይኸውላችሁ ደም መልስ» አለች። «ደሙ ሥራውን ጨርሶ ተዝናንቶ ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ ነው። ግድግዳው ስስ ነው። ስስ የሆነው ሰንፎ አይደለም፤ የሚገፋው ስላልነበረ ነው። አሁን በደም ቅዳ ቦታ ብናስቀምጠውስ?» አለችና ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። አንጀቱ ተነፋ፣ ነጣ፣ ከመሐሉ አበጠና ፈነዳ። ከፊት የነበርነው ሁሉ በውሃ ራስን። ጩኸቱና ሳቁ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። እሷ መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች «ሕይወት ያለው ቢሆን ግን ሳይፈነዳ ራሱን ያደነድን ነበር» አለች። «እሱን ሌላ ቀን እንመጣበታለን።»

ያ ሌላ ቀን ክፍል ውስጥ አልመጣም።

ትምህርቴን ስጨርስ እዚያው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ሆጤ ውስጥ እሷ የምትኖርበት ግቢ አንድ ክፍል ተለቅቆ ስለነበር ገባሁበት። በሯና በሬ ፊት ለፊት ናቸው። ጎረቤት ስሆን ነው ብቸኝነቷን ያየሁት። እራት ስትበላ በሯን ገርበብ ታደርጋለች። በመጀመሪያ ሙቀት ፈልጋ መስሎኝ ነበር፤ ደሴ ውስጥ፣ ያውም በክረምት! ኋላ ነው የገባኝ፤ የግቢው ጫጫታ እንዲገባላት ነው። ሰው አትጠራም፣ ማንም ጋ አትሄድም፤ ሰው ሲያወራ ግን መስማት ትፈልጋለች።

አባቷ አቶ ይማም ከቢስቲማ ወጣ ብሎ ያሉ ገበሬ ናቸው። ከልጆቻቸው መካከል የተማረች እሷ ብቻ ነበረች። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለች ከአንድ የኮምቦልቻ ልጅ ጋር ተዋደደች። ልጁ የወንጌላውያን ቤተሰብ ልጅ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። እሱን አገባች፤ ሃይማኖቱንም ተቀበለች። ስሟን ግን አልቀየረችም። «ስሜን ያወጡልኝ አባቴ ናቸው፤ ጌታም በዚሁ ነው የሚጠራኝ» ትል ነበር። አባቷ አልረገሟት፣ አልጮኹባት። ዝም ብቻ አሉ። በአገራችን ሙሽራ ከተዳረች በኋላ ቤተሰቦቿ ከነባሏ ጠርተው መልስ ያበሏታል፤ መልስ ሳትጠራ የአባቷን ደጅ አትረግጥም። የዘሃራ አባት መልስ አልጠሩም። ባሏ በአጭር ሕመም ሲሞትባትም አልጠሩም። ልጅ አልወለደችም። ጸጉሯ ከሻሿ ሥር ነጭ ሆኖ እየታየ «እኔ እኮ መልሴ ያልተጠራ ሙሽራ ነኝ» እያለች ትስቅ ነበር። ሳቁ ግን ቶሎ ያልቃል።

«ታዲያ ለምን ራስሽ አትሄጂም?» አልኋት አንድ ቀን።

«ሄጄ በሩን ባይከፍቱልኝስ?» አለች። «አሁን ያልተጠራሁ ነኝ። ያን ጊዜ የተባረርሁ እሆናለሁ።»

እሑድ እሑድ ኮምቦልቻ ወርዳ ቤተ ክርስቲያኗ ትደርሳለች፤ ከዚያ የባሏን መቃብር አይታ ትመለሳለች። ከቤተሰቧ የሚጠይቃት ወንድሟ ሰይድ ብቻ ነበር። ደሴ ገበያ ሲመጣ ብቅ ይላል። ቁመተ ረጅም፣ ሲያወራ እጁ የማያርፍ፣ ካልሳቀ የታመመ የሚመስለው ሰው ነው። ስለ እሷ ለአባቱ አያነሣም፤ አባቱም አይጠይቁትም።

ሕመሟ የጀመረው ከሆጤ ዳገት ላይ ነው። ከእኔ ጋር ስትወጣ በየሱቁ ፊት እየቆመች ሳሙናና ባትሪ ታያለች። ሳሙና የምትፈልግ መስሎኝ አብሬያት ቆሜ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን የተዘጋ ሱቅ ፊት ስትቆም ነው የገባኝ። የልቧ ደም ቅዳዎች ጠበዋል ተባለች። ስኳር ነበረባት፤ ግፊትም። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎችና የትምህርት ቤቱ መምህራን ተረዳድተው ሕንድ አገር ላኳት።

ስትመለስ ልብሷ ሰፍቷት ነበር። ደረቷ መሐል ለመሐል የተሰፋ ነው። ቀኝ እግሯ ደግሞ ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጉልበቷ ድረስ መስመር አለው። ሰይድ መጣ። እግሯን ሲያይ ሳቁ ጠፋ።

«ያረቢ! ልብሽን ታመምሽ ብለን እግርሽን ምን አደረጉሽ?»

«ሥር ወስደው ነው» አለችው። «ከእግሬ አውጥተው ልቤ ላይ ቀጠሉልኝ። የጠበበውን አልፎ ደም እንዲያደርስ።»

ሰይድ ገበያውን ጨርሶ ወደ ቢስቲማ ተመለሰ። ከሳምንታት በኋላ እንደገና ሲመጣ እኔ እሷ ክፍል ውስጥ ሆኜ መድኃኒቷን እየለየሁላት ነበር። በሩ ላይ ቆሞ አልገባም፤ እግሩን ይለዋውጣል።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ለአባ ነገርኋቸው» አለ። «ወላሂ አላስችል አለኝ። 'ከእግሯ ሥር ነቅለው ልቧ ላይ ተከሉላት' አልኋቸው። ያን ቀን ቃል አልተናገሩም። በማግሥቱ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ጠሩኝ።»

«ምን አሉህ? ቃሉን ንገረኝ። ራሱን ቃሉን።»

«'የተከሉት ነገር ጸደቀ ወይ? ብለህ ጠይቃት' ነው ያሉት።»

ዘሃራ ሳቀች። የተሰፋ ደረቷን በትራስ ደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ቆይቶ ግን እንባው ብቻ ቀረ። ሰይድ ግራ ገብቶት ያየኛል። «ምን አጠፋሁ?»

«አላጠፋህም» አለችው አፏን እየጠረገች። «ሥር ሲሉህ የተክል ሥር አደረግኸው። አባቴ ደግሞ ችግኝ ተከላ ሆነላቸው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለች። «በቤተ ክርስቲያን በእምነት ጸድቀሻል ሲሉኝ ይኸው ስንት ዘመኔ! የጠየቁኝ ግን አባቴ ብቻ ናቸው።»

«እንግዲያ ምን ልበላቸው?» አለ ሰይድ።

ሁለት ጣቶቿን አንጓዋ ላይ አሳረፈች። «ገና ነው በላቸው። ጤዛ የለመደ ተክል ቦይ አፍ ላይ ተተክሎ ነው በላቸው። ውሃው በርትቶበታል፤ ግንዱን እያደነደነ ነው በላቸው።»

ሰይድ ሲሄድ ያንን «ሌላ ቀን» የተባለውን ትምህርት ለእኔ ለብቻዬ አስተማረችኝ። የእግሯ ሥር ደም መልስ ነበር። ሐኪሞቹ ገልብጠው ነው የሰፉት፤ ምክንያቱም ውስጡ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ ትንንሽ በሮች አሉት፤ ሳይገለብጡት ቢሰፉት በሮቹ በገዛ ደሟ ላይ ይዘጋሉ።

«በቀስታ የሚፈስ ነገር ነው የለመደው» አለችኝ። «አሁን ልቤ በመታች ቁጥር ይወጠራል። ሲወጠር ግድግዳውን ያወፍራል። ካላወፈረ ተለጥጦ ይቀራል፤ ካበዛው ደግሞ በራሱ ውፍረት መተላለፊያውን ይዘጋል።»

«ልኩን ማን ይነግረዋል?»

«ማንም። ደሙ ሲያልፍ የውስጡን ቆዳ እየዳሰሰው ነው የሚያልፈው፤ በዳሰሳው ነው የሚያውቀው። ቀጥ ብሎ ፈጠን ብሎ ሲያልፍበት ይረጋጋል። ሲሽከረከርበት ግራ ይገባዋል፤ ያን ጊዜ ነው ያለ ልክ የሚወፍረው።» ስለ ሌላ ነገር የምታወራ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት። «እንዲህ አትመልከቺኝ» አለች። «ስለ ሥር ነው የማወራው።»

ጥቂት ቆይታ ግን ራሷ ጨመረችበት። «ወይ የአባቴ ልብ ይከፈታል፣ ወይ የእኔ ሥር ይዘጋል። የትኛው እንደሚቀድም ነው የማየው።»

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ይህንን የምትጠብቅባቸው ነበሩ። ሰይድ በመጣ ቁጥር የአባቷን ጥያቄ ያመጣል። መጀመሪያ «ጸደቀ ወይ?» ይላል። ከዚያ አንድ ምክር ወይም አንድ ሌላ ጥያቄ። «ናፍቀሽኛል» የሚል የለም፤ «ትምጣ» የሚል የለም። አንድ ጊዜ «ውሃውን በቀስታ ይልቀቁለት ብለዋል» አላት። ያን ቀን በጣም ደስ አላት። «የግፊት መድኃኒቱን ማለታቸው ነው!» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ክኒኗን ስትውጥ «አባቴ ያዘዙት» እያለች ነበር። ሰይድ ሳይመጣ የዘገየ እንደሆነ በሯን ከወትሮው ሰፋ አድርጋ ትከፍተዋለች።

ሌላ ጊዜ «ቀጥ ብሎ ነው ወይ የተተከለው? የታጠፈ ሥር አይዝም ብለዋል» አላት። ጥያቄው አሳሰባት። በዚያው ሰሞን ለባሏ መታሰቢያ ከሰይድ ጋር ሦስታችንም ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ ሚኒባሱ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሲጠመዘዝ አንድ ወፍራም ሰውዬ ከነሽንኩርት ጆንያው ትከሻዋ ላይ ወደቀ።

«ይቅርታ እናቴ! ወድጄ አይደለም።»

«አውቃለሁ፤ መታጠፊያው ነው» አለችው። ወዲያው ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷ ክፍል ውስጥ እንደነበረው በርቷል። «አየሽ፣ ቀጥታው መንገድ ላይ ሁሉም በየቦታው ነበር። መታጠፊያው ላይ ግን አንዱ ግድግዳ ሰው ይከመርበታል፣ ሌላው ባዶ ይቀራል። የእኔም ሥር አስጊ ቦታው መጋጠሚያው ነው፤ እዚያ ነው ደሙ የሚታጠፈው።»

ሰውዬው ጆንያውን እያስተካከለ «እናቴ፣ እኔን ነው?» አለ።

«አንተን አይደለም። ደምን ነው።»

«አዑዙ ቢላህ!» ብሎ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ሰይድ ከኋላ ወንበር በሳቅ ሞተ። ሳቁ ሲበርድለት ግን ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ በዝግታ አናገራት።

«ዘሃራ፣ አቦ አንድ ቃል ነው። 'ጸድቋል' ብትያቸው ምን ይጎድልብሻል? ሽማግሌ ናቸው። ደስ ይበላቸው።»

«አላውቅማ። ደህና ሆኖ ይሰማኛል፤ ግን አላየሁትም። ሳይታይ ሊጠብብ ይችላል።»

«ማን ያጣራብሻል?»

«እኔ ነኛ!» አለች። «ከስንት ዘመን በኋላ አንድ ነገር ጠየቁኝ። እሱንም በውሸት ልመልስላቸው? ቀጥ ብሎ ነው የተተከለው፤ መጋጠሚያው ላይ ግን መታጠፍ አለው በላቸው። ገና ነው በላቸው።»

ሰይድ ወደ ኋላው ተደገፈ። እሷ ልክ ነበረች፤ እሱም አልተሳሳተም።

አዲስ አበባ ሄዳ የተመረመረችው ቆይቶ ነው። በእጇ አንጓ በኩል ቀጭን ሽቦ የመሰለ ነገር አስገብተው፣ ቀለም ረጭተው፣ ደሙ ሲያልፍ በቴሌቪዥን መስታወት አዩት። ተመልሳ ግቢው ውስጥ ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነው ወደ በሬ የመጣችው።

«ክፍት ነው» አለችኝ። «ጥቂት ወፍሯል፤ ግን በልኩ ነው አለኝ። በልኩ! ሐኪሙ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ አሁን ጸደቀ ማለት ይቻላል?»

እጇ ወደ አንጓዋ ሄደ። አንጓዋ ግን የሐኪም ፕላስተር ተለጥፎበታል፤ ጣቶቿ የሚያርፉበት አጥተው አየር ላይ ቆሙ። በመጨረሻ «ጸድቋል» አለች። ከእሷ አፍ ያለቀለት ነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ለሰይድ ልደውልለት?»

«የለም፤ ይህን በሰው አልልከውም። ቅዳሜ ራሴ ሄጄ ነው የምነግራቸው።»

«ሳትጠሪ?»

«ለጥያቄያቸው መልስ ይዤ ነው የምሄደው። ደግሞስ መልሴን እነሱ ካልጠሩ እኔ ልውሰደዋ!» ብላ በራሷ ቀልድ ሳቀች። ያን ሰሞን ሻሿን አጥባ አሰጣች። አንዲት ጎረቤት «እዚያስ እንደ ሙስሊሞቹ ተሸፋፈኚ፤ ደስ እንዲላቸው» ብትላት «እንደ ልማዴ ነው የማስረው፤ ሄጄ ላታልላቸው ነው እንዴ?» አለቻት። ሻሹ ገመድ ላይ እንዳለ ነው የታመመችው። ቅዳሜ አልደረሰም።

ኮምቦልቻ፣ ከባሏ ጎን ተቀበረች። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ሲዘምሩ ሰይድ ከመቃብሩ በር ላይ ቆሞ፣ መዳፎቹን ዘርግቶ የራሱን ዱዓ ያደርግ ነበር። ሁሉም ሲበተን ወደ እኔ መጣ።

«አባ አልሰሙም» አለኝ። «አብረሽኝ ሂጅ፣ እህቴ። እኔ ስናገር ይበላሽብኛል። ያን ጊዜም 'ሥር ነቅለው ተከሉላት' ያልሁት እኔው ነኝ። አንች ቃሉን በልኩ ታውቂዋለሽ።»

ሐይቅን አልፈን ወደ ቢስቲማ በሚወስደው መንገድ ስንንገጫገጭ ሰይድ አንድም ጊዜ አልሳቀም። ከመኪና ወርደን በእግር ሄድን። ቤቱ ከሎሚ ዛፎች መሐል ነው። አቶ ይማም ከቤቱ ውስጥ መደቡ ላይ፣ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። ዘሃራን ነው የሚመስሉት፤ አጭር፣ ቀጭን። ሰይድ እግራቸው ሥር ተንበርክኮ ጆሯቸው አጠገብ ጮክ ብሎ ነገራቸው።

«አባ፣ ዘሃራ ወደ አኼራ ሄደች።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ሙስበሃው ቆመ። ቆይተው ወደ እኔ አዩ። «ይቺ ማን ናት?»

«ጎረቤቷ ነኝ፣ አባባ። ተማሪዋም ነበርሁ።»

«ተማሪዋ» አሉ፤ ቃሉን ደጋግመው። «እንግዲያ አንች ታውቂያለሽ። ያ የተከሉላት ነገር ሳይጸድቅ ቀረ?»

«የለም፣ አባባ። የሞተችው በሌላ ነው፤ በጭንቅላቷ በኩል። ልቧ አይደለም። ያኛው ጸድቆ ነበር።»

«ማን አለ?»

«ሐኪሙ በመሣሪያ አይቶ። እሷም ራሷ 'ጸድቋል' አለች። ቅዳሜ መጥታ ልትነግርዎት ነበር።»

ሽማግሌው ምንጣፋቸውን በመዳፋቸው ያለሰልሱ ጀመር፤ ያልተጨማደደውን ምንጣፍ።

«እኔኮ ይህን ስጠብቅ ነው የኖርሁት» አሉ። «ገና ነው ትለኛለች። ገና የሆነን ተክል እንዴት ነቅንቄ እጠራለሁ? መንገዱን አይተሽዋል፤ ድንጋይ ነው፤ መኪናው አንጀት ይበጥሳል። የያዘውን ሥር ያላቅቅባታል ብዬ ፈራሁ። ጸደቀ ያለችኝ ቀን እልክባታለሁ ብዬ… ሰይድን በየገበያው 'ጠይቃት' የምለው ለዚህ ነበር።»

ሰይድ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እሷ ብትኖር ይህን ሰምታ ምን ትል እንደነበር አሰብሁ። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ሁለት ጣቶቿን አንጓዋ ላይ አሳርፋ።

«እርግጥ ነው?» አሉኝ እንደገና። «ጸደቀ አልሽኝ?»

«አዎ፣ አባባ። ጸድቋል።»

«እንግዲያማ ትምጣ» አሉ።

ሰይድ «አባ…» ሊል አፉን ከፈተ፤ ክንዱን ያዝሁት። ሽማግሌው ወደ እኛ አልነበረም የሚያዩት። ፊታቸውን ወደ በሩ መልሰው ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።